የደን አይጦችን በአማርኛ መቁጠር
በትናንሽ አጥቢ እንስሳት ቅኝት ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

በአንድ ደን ውስጥ የሚኖሩትን ትናንሽ አጥቢ እንስሳት ዐይነትና ብዛት የሚመረምር ጥናት ከሌሎች የሥነ ሕይወት ጥናቶች የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ተመራማሪው ከሚያጠናቸው እንስሳት አብዛኛዎቹን በዐይኑ አያይም። እንስሳቱ የሚንቀሳቀሱት በሌሊት ነው፤ ቀን የሚያሳልፉት በጉድጓድ፣ በግንድ ሥርና በቅጠል ረብራብ ውስጥ ነው። ስለዚህ ተመራማሪው ወጥመድ ዘርግቶ የተያዙትን ይመዘግባል፤ ከተያዙትም ተነሥቶ ስላልተያዙት ይናገራል። የጥናቱ አንባቢ ደግሞ ደኑንም ወጥመዱንም አላየምና በእጁ የሚገቡት ቃላትና አኀዞች ብቻ ናቸው። ቃሉ ከተዛነፈ አኀዙ ትክክል መሆኑ አያድነውም።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህን የጥናት ዘርፍ በአማርኛ ለመግለጽ የሚያገለግሉትን ስያሜዎች ነው። ሂሳችን በአንድ ደራሲ ወይም በአንድ መጽሐፍ ላይ ያነጣጠረ አይደለም። በማስተማሪያ ጽሑፎች፣ በጥናት ማጠቃለያዎችና በትርጉም ሥራዎች ደጋግመው የሚያጋጥሙንን አጠራሮች አንድ በአንድ አንሥተን፣ የቱ እንደሚጸና፣ የቱ እንደሚታረም፣ የቱም መተው እንዳለበት አስተያየታችንን እናቀርባለን። የምንመዝንበት ሚዛን አንድ ነው፤ ይኸውም ስያሜው ተመራማሪው ያላለውን ነገር ያሰኘዋል ወይስ አያሰኘውም የሚል ነው።

1. «አይጥ» የሚለው ስም ስፋት

«አይጥ» በአማርኛ ሰፊ ስም ነው። የጎተራውን፣ የማሳውንና የጫካውን አይጥ፣ ትልቁንም ትንሹንም አንድ ላይ ያቅፋል። ይህ የአማርኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። የግእዙ «አንጼዋ»፣ የትግርኛው «ኣንጭዋ»፣ የኦሮምኛውም «ሀንቱታ» በየቋንቋቸው እንዲሁ ሰፋፊ ስሞች ናቸው። ስለዚህ ሙያዊ ቃል ስንፈልግ በተለምዶ የምንከተለው ቅደም ተከተል፣ ማለትም በመጀመሪያ ከአማርኛ፣ ቀጥሎ ከግእዝ፣ ከዚያም ከሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎች መፈለግ፣ በዚህ ረገድ ብዙ አይረዳንም። ከየትኛውም ብንወስድ የምናገኘው ሌላ ሰፊ ስም ነው።

የስሙ ስፋት ብቻውን ጉድለት አይደለም። ሰፊ ስም ለዕለት ተዕለት ንግግር አስፈላጊ ነው። ችግሩ የሚመጣው በአንድ ወጥመድ የሚገቡ ሁለት እጅግ የተለያዩ ወገኖች በዚሁ ስም ሲጠሩ ነው። አንደኛው ወገን ሳያቋርጡ በሚያድጉ የፊት ጥርሶቹ የሚቆረጥመው ነው፤ አይጥም፣ ፍልፈልም፣ ጃርትም የዚህ ወገን ናቸው። ሁለተኛው አፉ ሹል፣ ዐይኑ ትንሽ፣ ጥርሱ መርፌ መሰል የሆነው፣ ነፍሳትንና ትላትልን እየለቀመ የሚኖረው ፍጡር ነው። ሁለቱ በመጠንና በመልክ ስለሚቀራረቡ በብዙ የአማርኛ ጽሑፍ ሁለተኛውም «አይጥ» ይባላል። በዝምድና ግን ይህ ሹል አፍ ፍጡር ለአይጥ ከሚቀርበው ይልቅ አይጥ ለጥንቸል ይቀርባል።

ይህ የስም መደባለቅ የሚያስከትለው ጉዳት በንድፈ ሐሳብ የሚቀር አይደለም። «አይጥ» በአማርኛ ተናጋሪ ልቡና ውስጥ የእህል ጠላት ነው። በደን ዳር በሚገኝ ማሳ ላይ አይጥን ለማጥፋት ምክር የሚሰጥ ጽሑፍ ነፍሳት በሉን ፍጡር በዚሁ ስም ከጠራው፣ የገበሬውን ተባይ የሚለቅመው እንስሳ ከተባዩ ጋር አብሮ ተፈረደበት ማለት ነው። አባቶቻችን «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ያሉት ለሌላ ጉዳይ ቢሆንም እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል።

ለዚህ ሁለተኛ ወገን «አፈሹል» የሚለውን ስም እናቀርባለን። አመሠራረቱ «አፈ ጮሌ» በሚለው አርኣያ ነው፤ መልኩን ይገልጻል፤ ለመስማትም ለመጻፍም አያስቸግርም። አንዳንድ ባልደረቦች «አፈሹል አይጥ» ቢባል ይሻላል ይላሉ። መከራከሪያቸውም «የሌሊት ወፍ» ወፍ እንዳልሆነች እያወቅን በስሟ ስንጠቀም ኖረናል የሚል ነው። መከራከሪያው ቀላል አይደለም፤ ቋንቋ የዝምድና ሠንጠረዥ የመሆን ግዴታ የለበትምና። ይሁን እንጂ የሌሊት ወፍ በጥናት ሠንጠረዥ ውስጥ ከወፎች ጎን አትጻፍም፤ ስለዚህ ስሟ አያሳስትም። አፈሹሉ ግን ከአይጦች ጋር በአንድ ወጥመድ ይያዛል፤ በአንድ ሠንጠረዥም ይመዘገባል። በሠንጠረዥ ውስጥ ቅጽል ቶሎ ይቆረጣል፤ የሚቀረውም «አይጥ» የሚለው ነው። በሐረና ደን የተገኙ ሁለት የአፈሹል ዝርያዎች ለሳይንስ የታወቁት እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ይህን ያህል ዘግይተው የታወቁ ፍጡራን በአማርኛ ከአይጥ ቁጥር ውስጥ ተውጠው ቢቀሩ የሚያሳዝን ነው።

በተቃራኒው «ፍልፈል» የተዋጣለት ስም ነው። መፈልፈልን ከመሰለ የታወቀ ግሥ ጋር የተያያዘ፣ የእንስሳውን ኑሮ በአንድ ቃል የሚገልጽ፣ ገበሬውም ተመራማሪውም የሚግባቡበት ነው። «ሽኮኮ» ግን ጥንቃቄ ይሻል። በመጽሐፍ ቅዱስ አማርኛ ሽኮኮ በቋጥኝ ውስጥ የሚኖረውና በዝምድናው ለዝሆን የሚቀርበው እንስሳ ነው። በብዙ የትርጉም መጻሕፍት ደግሞ ዛፍ ላይ የሚሮጠው፣ ጭራው ጎፈሬ የሆነው ቆርጣሚ በዚሁ ስም ይጠራል። በአንድ የደን ቅኝት ውስጥ ሁለቱም ሊነሡ ስለሚችሉ፣ የመጀመሪያውን «የቋጥኝ ሽኮኮ»፣ ሁለተኛውን «የዛፍ ሽኮኮ» ብሎ መለየት የተርጓሚው ግዴታ ነው።

2. «ብርቅዬ» እና «በአገሩ ብቻ የሚገኝ»

በአማርኛ የዱር እንስሳት ጽሑፍ ውስጥ እጅግ የተስፋፋውና በእኛ አስተያየት እጅግ የሚያሳስተው ቃል «ብርቅዬ» ነው። ዋልያና ቀይ ቀበሮ በዚህ ቅጽል ሲጠሩ ኖረዋል። የተፈለገው ሐሳብ እንስሳው ከኢትዮጵያ ውጭ በሌላ አገር አይገኝም የሚል ነው። ቃሉ የሚለው ግን እንስሳው ጥቂት ነው፣ ማየቱም ብርቅ ነው የሚል ነው። ዋልያና ቀይ ቀበሮ ሁለቱንም ስለሆኑ ስሕተቱ ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ ቆየ። ወደ ትናንሽ አጥቢዎች ስንመጣ ግን ይጋለጣል።

ለምሳሌ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1842 በላቲን «አልቢፔስ»፣ ማለትም «ነጭ እግር» ብሎ የሰየመውን አይጥ እንውሰድ። ይህ አይጥ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በስተቀር በሌላ የዓለም ክፍል አይታወቅም። ሆኖም በደጋው ደን ውስጥ በሰፊው የተሠራጨና በብዛት የሚያዝ ነው። ፕሮፌሰር አፈወርቅ በቀለ እ.ኤ.አ. በ1996 በመናገሻ ደን አይጦች ላይ ባሳተሟቸው ጥናቶች ትኩረት ያገኘውም ይኸው ዝርያ ነው። ይህን እንስሳ «ብርቅዬ አይጥ» ብንለው፣ ወጥመድ ሲፈትሽ ያደረ የመስክ ሠራተኛ ይስቅብናል።

ከዚህ ቀጥሎ ሌላውን ጫፍ እንመልከት። በትንሹ ዓባይ ምንጭ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1927 አንድ ውሃ ወዳድ አይጥ ተይዞ በማግሥቱ ዓመት በኦዝጉድ ለሳይንስ ተሰየመ። ዝርያው የሚታወቀው በዚያ በአንድ ናሙና ብቻ ነው። ይህ በአገሩ ብቻ የሚገኝም ነው፤ ብርቅም ነው። ለነጭ እግሩና ለዚህኛው በአማርኛ አንድ ቃል ከሰጠን፣ በየደኑ የሚያዘውንና በዓለም አንድ ጊዜ የተያዘውን እኩል አደረግናቸው ማለት ነው። ጥበቃ የሚገባው የትኛው እንደሆነ የሚወስን ባለሥልጣን የአማርኛውን ጽሑፍ ብቻ አንብቦ ቢወስን በምን ይለያቸዋል?

«አገር በቀል» የሚለውም መፍትሔ አይሆንም። አገር በቀል የሚባለው ከውጭ ያልመጣ ማለት ነው፤ ሌላ አገርም ሊበቅል ይችላል። ለዕፀዋት የተለመደ መሆኑም ለእንስሳ ሲነገር ጆሮን ያስቸግራል። በበኩላችን «አገር ብቸኛ» ከሚለው አዲስ ጥምር ይልቅ ግልጹን «በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ» የሚለውን ሐረግ እንመርጣለን። ሦስት ቃል መሆኑ ጉድለት ሊባል ይችላል። ነገር ግን ሐረጉ የቦታውን ስም እንድንጠራ ያስገድደናል፤ «በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ»፣ «በባሌ ተራሮች ብቻ» እያልን በትክክል እንድንወስን ያደርገናል። «ብርቅዬ» ለእውነተኛ ትርጉሙ ይቆይ።

3. «ሕዝብ»፣ «ብዛት»፣ «ነዋሪ»

በአንድ ስፍራና ዘመን የሚኖሩ የአንድ ዝርያ እንስሳት በጠቅላላ በምን ይጠሩ የሚለው ጥያቄ ብዙ አከራክሯል። ሦስት ቃላት ይሽቀዳደማሉ።

«ብዛት» የመጀመሪያው ነው። ጉድለቱ ነገሩንና የነገሩን መጠን አንድ ማድረጉ ነው። «የአይጦቹ ብዛት ቀነሰ» ማለት ይቻላል፤ «የአይጦቹ ብዛት በሁለት ተከፈለ፣ አንዱ በሸለቆው ሌላው በተራራው ቀረ» ማለት ግን አይቻልም። መጠኑን ለመግለጽ ስንፈልግም «የብዛቱ ብዛት» ወደሚል አስቂኝ አነጋገር እንገፋለን።

«ነዋሪ» ሁለተኛው ነው። ለጆሮ የሚስማማና ለሰውም ለእንስሳም የማይከብድ ስለሆነ በመጀመሪያ እይታ ያማልላል። ይሁን እንጂ የወጥመድ ጥናት በራሱ ውስጥ አንድ አስፈላጊ ልዩነት አለው። በጥናቱ ቦታ ጎጆ ሠርቶ ደጋግሞ የሚያዘው እንስሳ አንድ ነው፤ አንድ ሌሊት ሲያልፍ ተይዞ ዳግም የማይታየው ሌላ ነው። የመጀመሪያውን «ነዋሪ»፣ ሁለተኛውን «አላፊ» ከማለት የተሻለ ቃል አናገኝም። ስለዚህ «ነዋሪ» ለዚህ ልዩነት መቆጠብ አለበት፤ ለጠቅላላው ከሰጠነው አላፊው ከነዋሪ ውስጥ ይቆጠራል።

የቀረው «ሕዝብ» ነው። ብዙዎች «ሕዝብ የሰው ነው፤ አይጥን ሕዝብ ማለት ቃሉን ማዋረድ ነው» ይላሉ። ይህ ተቃውሞ ከቋንቋው ታሪክ ጋር አይስማማም። በመጽሐፈ ምሳሌ 30ኛው ምዕራፍ በአማርኛው ትርጉም ጉንዳንና ሽኮኮ «ሕዝቦች» ተብለዋል፤ ማንም አንባቢ በዚህ ሲደናገር አላየንም። እንግዲህ ቃሉ ለጥቃቅን ፍጥረታት የማያንስ የቆየ ምስክር አለው። የሚያስፈልገው አንድ ደንብ ብቻ ነው። «ሕዝብ» በዚህ ሙያ ውስጥ ያለ ዝርያ ስም ብቻውን አይቁም። «የነጭ እግር አይጥ ሕዝብ» ማለት ትክክል ነው፤ «የደኑ ሕዝብ» ማለት ግን በደኑ ዙሪያ የሚኖረውን ሰው ስለሚያስታውስ አይገባም። በዚህ ዐይነት መጠኑ «የሕዝቡ ብዛት»፣ በስፍራ ስፋት ሲካፈል የሚገኘውም «የሕዝቡ ጥግግት» ይሆናል። «እፍጋት» ለፊዚክስ ይቅር።

4. ወጥመዱና አዳሩ

«ወጥመድ» የሚለው ቃል ለአማርኛ አንባቢ ሞትን ያስታውሳል። በዘመናዊ ቅኝት በብዛት የሚሠራበት ግን የሸርማን ወጥመድ የተባለው ከስስ ብረት የተሠራ ተጣጣፊ ሣጥን ነው። እንስሳው ለማባበያ ከተቀመጠው ምግብ ዘንድ ሲገባ ወለሉን ይረግጣል፤ በሩም ይዘጋል። ጠዋት ይመዘናል፤ ይለካል፤ ምልክት ይደረግበታል፤ በተያዘበት ስፍራ ይለቀቃል። በአንጻሩ መትቶ የሚገድለው ወጥመድም በአንዳንድ ጥናቶች ይሠራበታል። ሁለቱን ሳይለይ «በወጥመድ ተይዘዋል» የሚል ትርጉም እንስሳቱ ይሙቱ ይዳኑ ለአንባቢው አይነግረውም። ዳግም መያዝ ላይ የተመሠረተ ስሌት ደግሞ በሞተ እንስሳ ሊሠራ አይችልም። ስለዚህ «መያዣ ሣጥን» እና «ገዳይ ወጥመድ» ብሎ መለየት ይበቃል።

የቅኝት ድካም የሚለካበትን መስፈሪያ አንዳንድ ተርጓሚዎች «የወጥመድ ሌሊት» ይሉታል። ይህ የባዕድ ሐረግ ግልባጭ ነው፤ ሲነበብም ወጥመድ የተዘረጋበት አንድ ሌሊት ይመስላል እንጂ መስፈሪያ አይመስልም። አማርኛ ግን «አዳር» የሚል ቃል አለው፤ መንገደኛም እረኛም በአዳር ይቆጥራሉ። «ወጥመድ-አዳር» ብንል ሐሳቡ ወዲያው ይገባል። በአንድ ስፍራ 7 በ7 ሆነው የተዘረጉ 49 ወጥመዶች ለ4 ሌሊት ቢቆዩ 196 ወጥመድ-አዳር ይሆናል። በእነዚህ ውስጥ 49 ጊዜ እንስሳ ቢያዝ የመያዝ ስኬቱ 25 በመቶ ነው። እዚህ ላይ «49 ጊዜ ተያዘ» እና «49 እንስሳት ተያዙ» አንድ አለመሆናቸውን ተርጓሚው ያስተውል። አንዱ አይጥ አራቱንም ሌሊት ተመልሶ ሊገባ ይችላል። አማርኛ «ጊዜ» በምትለዋ አንዲት ቃል ይህን ልዩነት በንጽሕና ይጠብቃል፤ ቃሏ ስትዘለል ግን የጥናቱ ውጤት ይለወጣል።

የእንስሳው የዘወትር መንቀሳቀሻም ይጠቀስ። «መዋያ» የሚለው ቃል ውብ ነው፤ ነገር ግን «ዋለ» የቀን ግሥ ነው፣ እንስሳቱም በአብዛኛው የሌሊት ናቸው። «መዘዋወሪያ» ለዚህ ይሻላል። «ግዛት» ደግሞ እንስሳው ሌላውን አባርሮ ለሚከላከለው ስፍራ ብቻ ይወሰን።

5. «ቆጠራ» ወይስ «ግምት»?

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን የመጨረሻው ነው። «ሕዝብና ቤት ቆጠራ» በሚለው አርኣያ «የአይጥ ቆጠራ» የሚል አነጋገር ተለምዷል። ቆጠራ እያንዳንዱን ተራ በተራ ማዳረስ ነው። በደን ውስጥ አይጥን እንዲህ የቆጠረ የለም፤ ሊቆጥርም አይችልም።

የሚደረገው ምን እንደሆነ በምሳሌ እናሳይ። በመጀመሪያው ዙር 60 አይጦች ተይዘው፣ ምልክት ተደርጎባቸው ተለቀቁ እንበል። በሁለተኛው ዙር 50 ተያዙ፤ ከእነዚህ 20ዎቹ ምልክት አላቸው። ከተያዙት ምልክት ያላቸው ሁለት አምስተኛ ከሆኑ፣ በጠቅላላው ሕዝብ ውስጥም ምልክት ያላቸው ሁለት አምስተኛ ናቸው ተብሎ ይታሰባል። ምልክት የተደረገባቸው 60 ስለሆኑ ጠቅላላው 150 ይሆናል። ይህ ስሌት ፒተርሰን በ1896 ለዓሣ፣ ሊንከን በ1930 ለዳክዬ ከተጠቀሙበት የመጣና በሁለቱ ስም የሚጠራ ነው፤ ሁለቱም ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው።

አሁን ሦስት አረፍተ ነገሮችን እናነጻጽር። «90 አይጦች በእጅ ተይዘው ታይተዋል» ማለት እውነት ነው፤ 60 በመጀመሪያው፣ 30 አዲስ በሁለተኛው ተይዘዋልና። «በስፍራው 150 አይጦች ይኖራሉ ተብሎ ተገምቷል» ማለትም እውነት ነው። «150 አይጦች ተቆጥረዋል» ማለት ግን ሐሰት ነው። አኀዙ ትክክል ሆኖ ሳለ ግሡ ብቻ አረፍተ ነገሩን ሐሰት አድርጎታል።

ግምት የሚለው ቃል ሌላም ጥቅም አለው፤ ግምት ሁልጊዜ «በምን ላይ ተመሥርቶ?» የሚል ጥያቄ ያስነሣል። ይህ ስሌት የቆመው በሁለቱ ዙሮች መካከል እንስሳት አልገቡም አልወጡም፣ አልተወለዱም አልሞቱም፣ ምልክቱ አልጠፋም፣ ሁሉም የመያዝ ዕድላቸው እኩል ነው በሚሉ ሁኔታዎች ላይ ነው። በተግባር ግን ማባበያውን ቀምሶ በየሌሊቱ የሚመለስ አይጥ አለ፤ አንድ ጊዜ ተይዞ ዳግም የማይጠጋም አለ። የፊተኛውን «ወጥመድ ለማዳ»፣ የኋለኛውን «ወጥመድ ፈሪ» ብንላቸው ቃሎቹ ሳይብራሩ ይገባሉ። ለማዳዎቹ ሲበዙ ግምቱ ከእውነተኛው ያንሳል፤ ፈሪዎቹ ሲበዙ ይልቃል። «ቆጠራ» የሚለው ቃል ይህን ሁሉ ውይይት ይዘጋል፤ የተቆጠረ ነገር አይጠየቅምና።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ስሕተት አለ። «አልተያዘም» የሚለውን «የለም» ብሎ መተርጎም ነው። ፍልፈል ከመሬት በታች ስለሚኖር በመያዣ ሣጥን አይገባም ማለት ይቻላል፤ የሌሊት ወፍም በመረብ እንጂ በሣጥን አትያዝም። ሁለቱ በሠንጠረዡ አለመኖራቸው ስለ መሣሪያው እንጂ ስለ ደኑ አይመሰክርም። በአማርኛ «የለም» የሚለው ቃል ቁርጥ ያለ ነው፤ ለጥርጥር ቦታ አይተውም። ስለዚህ ተርጓሚው ይህን ቃል ከመጻፉ በፊት ተመራማሪው ያን ያህል ቆርጦ መናገሩን ያረጋግጥ። ደኑ ሊመነጠር፣ ሊታረስ ወይም ሊከለል በሚወሰንበት ጠረጴዛ ላይ የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ ማጠቃለያው ነው፤ በማጠቃለያው ውስጥ «አልተያዘም» «የለም» ሆኖ ከተገኘ፣ ያልታየው እንስሳ የሚከራከርለት አያገኝም።

ለጠቅላላው ሥራ ከ«ቆጠራ» ይልቅ «ቅኝት» የሚለውን እንደግፋለን። የሚቃኝ ሰው ዞሮ ያያል፤ ያየውንም ይናገራል፤ ሁሉን አየሁ ግን አይልም። ቃሉ በሙዚቃ ሌላ ትርጉም ያለው መሆኑ በዚህ ሙያ ውስጥ የሚያደናግር አይመስለንም።

ማጠቃለያ

ከላይ የተመለከቱት ሐሳቦች በአጭሩ እንዲህ ናቸው። «አይጥ» ለአይጥ ብቻ ይሁን፤ ነፍሳት በሉ ፍጡር «አፈሹል» ይባል። «ብርቅዬ» ጥቂት ለሆነው፣ «በዚህ አገር ብቻ የሚገኝ» ለሌላው ይለዩ። «ሕዝብ» ከዝርያ ስም ጋር ይጻፍ፤ «ነዋሪ» ከ«አላፊ» አንጻር ይቆም። «ወጥመድ-አዳር» እና «መያዣ ሣጥን» ይለመዱ። «ተቆጠረ»፣ «ተገመተ»፣ «ተያዘ» የሚሉት ግሦች አንዱ በሌላው ቦታ አይግቡ።

ከእነዚህ ውስጥ አዲስ የተፈጠረ ቃል እጅግ ጥቂት ነው። አብዛኛዎቹ በአማርኛ ውስጥ የነበሩና ያለ ቦታቸው የዋሉ ናቸው። የሙያ ቃላት ሥራ ሁልጊዜ ቃል መፍጠር ተደርጎ መታየቱ በራሱ የሚታረም አመለካከት ነው። «አፈሹል» የሚለውን በተመለከተ፣ በደን ዳር ከሚኖሩ ተናጋሪዎች አፍ የተገኘ የቆየ ስም ካለ የእኛ ጥምር ለዚያ ስም ቦታውን ሊለቅ ይገባል። ወደ መስክ የሚወጡ የሥነ ሕይወት ተመራማሪዎች የእንስሳውን ክብደትና የጭራ ርዝመት ሲመዘግቡ በአካባቢው የሚጠራበትን ስም፣ የጠሪውን ቋንቋና የቦታውን ስም በአንድ ተጨማሪ ዓምድ ቢመዘግቡልን፣ ለመዝገበ ቃላት ሥራ የሚያበረክቱት ከፍ ያለ ነው።